እትዬ ትርንጎና ባለደረጃው ሰፈር

እትዬ ትርንጎ የሞተችው ለሥራ ስትዘጋጅ ነው። አንዱን ጫማዋን አጥልቃ ነበር፤ ሌላው አልጋው ሥር ቀርቷል። ከታች ፎቅ የምትኖረው፣ ትርፍ ቁልፍ የተወችላት ጎረቤቷ የመውደቋን ድምፅ ሰምታ ሮጠች፤ አምቡላንስም ጠራች። ሆስፒታል ሲደርሱ ግን ነገሩ አልቆ ነበር። እኔ የሰማሁት ኤርፖርት፣ አንድ ሽማግሌ በዊልቸር ወደ መሳፈሪያቸው እየገፋሁ ሳለ ነው። ሰውዬውን አደረስኩ፣ መልካም መንገድ አልኳቸው፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እሷም ብትሆን "መጀመሪያ ሰውዬውን አድርሺ" ነበር የምትለኝ።

እዚሁ አሜሪካ፣ ከአሌክሳንድሪያ እሷ የምትኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ እስክደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ነፍሴ ወጣች። ስደርስ አፓርታማዋ በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ሶፋው ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፣ ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰው በቁሙ ይተራመሳል እንጂ መስኮቱ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ የወጥ ቤት ወንበሯ ላይ የተቀመጠ አልነበረም። ደግሞም ቤቱ ጸጥ ብሏል። የሁሉም ዓይን ቀልቷል፣ ግን ድምፁን አውጥቶ የሚያለቅስ የለም፤ የልቅሶው ባለቤት ገና አልተረዳችማ። የእትዬ ትርንጎ አንድ ልጇ ሜላት በዚያ ሰዓት እናቷ አንድ ጊዜ የተጓዘችበትን ቦርሳ በጀርባዋ አዝላ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ ቺሊ በሚባል አገር፣ ቫልፓራይሶ በምትባል ከተማ ደረጃ ትወጣለች። ብቻዋን ናት። እናቷ መሞቷን አታውቅም።

"እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ቶሎ ነይ እንበላት" አለች ከሶፋው ላይ አንዷ።

"እሱ ነው የሚሻለው። ስትመጣ ሰብሰብ ብለን በወጉ እናረዳታለን።"

ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ወጋችን ነው። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፤ በሰው አገር፣ ያውም መንገድ ላይ ላለ ሰውማ እንዴት ተደርጎ። እኔ ግን ራሴን አልነቀነቅሁም። ለምን እንዳልነቀነቅሁ እንዲገባችሁ ስለ እትዬ ትርንጎ ላውራችሁ።

ያወቅኳት ዲቪ ደርሶኝ መጥቼ ዊልቸር መግፋት ስጀምር ነው። አለቃችን "ዛሬ ከእሷ ጋር ዙሪ፣ ሥራውን ታሳይሻለች" ብሎ ሰጠኝ። አጠር ያለች፣ ደንደን ያለች፣ የተሰጣትን ዩኒፎርም በልኳ አስጠብባ የለበሰች ሴት ናት። በዕድሜ ታላቅ እህቴን ታስከነዳለችና አንቱ አልኳት። ወንበሩን አቁማ ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ስሚ የኔ እህት፣ እኔ ወንበሩን የምገፋ ነኝ እንጂ አልተቀመጥኩበትም። የተቀመጥኩ ቀን አንቱ ትይኛለሽ።"

ከዚያ ወዲህ እትዬ ብያት፣ በአንቺ ተግባባን።

ሥራውን ያስተማረችኝ በአንድ ትእዛዝ ነው። ገና መንገደኛውን ከመግፋቷ በፊት መዳፏን ትከሻው ላይ ታሳርፍና "ልንሄድ ነው" ትለዋለች። ከዚያ ሁሉን ነገር ቀድማ ትናገራለች። አሁን ልንዞር ነው። አሁን ጉብታ አለ። አሁን ሊፍት ውስጥ በጀርባ ነው የምንገባው። አንዳንዱ መንገደኛ ይሰለቻል፣ አንዳንዱ ጆሮው አይሰማም፣ አንዳንዱ ቋንቋውን አያውቅም። እሷ ደንታ የላትም፤ በአማርኛም ቢሆን ትናገራለች። አንድ ቀን እኔ ዝም ብዬ ስገፋ አየችኝና ወደ ጥግ ጠራችኝ።

"ሰውን ከኋላው ሆነሽ ስትገፊው የሚመጣበትን ነገር ቀድመሽ ንገሪው" አለችኝ። "እሱ አያይሽም። እጅሽ ላይ ነው ያለው። ጉብታው ካልቀረ፣ አውቆ ይለፈው።"

ያኔ ስለ ዊልቸር የምታወራ ነበር የመሰለኝ።

እትዬ ትርንጎ ሰውን ሁሉ እስከ አውሮፕላኑ አፍ ታደርስና ትመለሳለች። "ሁሉም ይሄዳል፣ እኔ እስከ በሩ ነኝ" ትል ነበር እየሳቀች። ስቃ ትተወው ነበር፤ አንድ ቀን ግን አንዲት ፀጉሯ የነጣ፣ ቀይ ሊፕስቲክ የተቀባች የቺሊ አሮጊት ገፋች። አሮጊቷ በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም እየቀላቀለች ስለ ሰፈሯ ስትነግራት ሄደች። ኮረብታ ላይ ያለ ሰፈር ነው፤ ስሙም የደስታ ኮረብታ ማለት ነው። ከታች ባሕር፣ ከላይ ቤት፣ መሐሉ ደረጃ ብቻ። መሳፈሪያው በር ላይ ሲደርሱ አሮጊቷ ወንበሩን መታ መታ አድርጋ "እኛ ሰፈር ብትመጪ ይሄ ነገር አይሠራም፤ በእግርሽ ነው" አለቻት።

ይቺ ነገር እትዬ ትርንጎ ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች። ምሳ ስንበላ "ዊልቸር የማይገባበት ሰፈር!" ትላለች። ባቡር ስንሳፈር "እስቲ አስቢው፣ ጎማ የማይረግጠው ሰፈር!" ትላለች። ከዚያ በአንዱ የዓመት እረፍቷ ቲኬት ቆረጠች። ለአንድ ሰው።

ወሬው ሲልቨር ስፕሪንግን ለማዳረስ አንድ እሑድ በቃው። ቅዳሴ እንደወጣን ሴቶቹ ከበቡኝ። ምን ሆና ነው? ታማ ነው? እንዳትነግሪን ብላሽ ነው እንጂ ባል አግኝታ ነው አይደል? ገዳም ልትሳለም ብትሄድ እሺ፣ ዘመድ ልትጠይቅ ብትሄድ እሺ። በዚህ ዕድሜዋ፣ እንደ ኮሌጅ ተማሪ ቦርሳ አዝላ፣ ማንም የማታውቅበት አገር ምን ልትሆን?

"ለማየት ነው" አልኳቸው። አላመኑኝም። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" አለች አንዷ፣ ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ።

ይህን ስነግራት እትዬ ትርንጎ ቆሎ ወደ ፌስታል እየገለበጠች ነበር። የሜላትን የትምህርት ቤት ቦርሳ ተውሳ፣ በሶ ከታች፣ ቆሎ ከላይ፣ ልብስ መሐል አድርጋለች። "ብቻዬን ካልሞከርኩት በምን አውቀዋለሁ?" አለችኝና ቦርሳውን ዘጋችው።

ከደረሰችበት ቀን ጀምሮ በስልክ ድምፅ እየቀዳች ትልክልኝ ገባች። ባቡር ላይ እያዳመጥኩ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞር ብሎ ያየኝ ነበር። ቆሎዋን ገና ድንበር ላይ ይዘውባታል፤ እህል ማስገባት ክልክል ነው። "ለእንስሳ ነው? አለኝ ፈታሹ። እኔ ነኝ እንስሳው ብዬ ፊቱ አንድ እፍኝ ቃምኩለት!"

ሰፈሩን ግን ስትናገር ድምፅዋ ይለወጥ ነበር። "ሰናይት፣ ሰፈሩ እንዳለ ቆርቆሮ ነው! ጣሪያው ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ግድግዳውም። እኛ ስናፍርበት ያደግነውን ቆርቆሮ እነዚህ ብርቱካንማ፣ ሐምራዊ፣ እንደ ሎሚ ቢጫ ቀብተውት ሰው ከዓለም ዙሪያ እየመጣ ፎቶ ያነሳዋል። ደረጃው ራሱ ተቀብቷል። በአንዱ ወጥቼ በሌላው እወርዳለሁ፣ የወጣሁበትን ግን መልሼ አላገኘውም።" ውሾቹ ባለቤት የላቸውም፣ ግን ጠግበው ሱቅ በር ላይ ይተኛሉ፤ ሰው ይሻገራቸዋል እንጂ የሚያስነሳቸው የለም። አንዱ ቡናማ ውሻ ተከተላትና ሻምበል ብላ አወጣችለት። በገመድ የሚጎተት እንደ ትንሽ ክፍል ያለ ሣጥን አለ፤ እየተንቋቋ ኮረብታውን ይወጣል፣ እሷም ስመ ሥላሴ እየጠራች ትወጣለች። ጋዝ የሚሸጠው ሰው ደግሞ ሲሊንደሩን በብረት እየቀጠቀጠ ነው የሚዞረው። የመጀመሪያ ቀን እሳት የተነሳ መስሏት ቦርሳዋን አንጠልጥላ በነጠላ ጫማ ደረጃ ላይ ወጥታ ቆማለች።

አንድ ቀን የላከችው ግን ሳቅ አልነበረበትም። "ዛሬ ምግብ ቤት ገባሁ፣ ብቻዬን። ጠረጴዛው ለሁለት ነው፤ ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ሰው የሚያየኝ መስሎኝ የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ኋላ ቀና ብዬ ሳይ የሚያየኝ የለም። ሰናይት፣ ያኔ ጣመኝ። ብቻዬን በላሁ፣ ይኸው አልሞትኩም።"

ይህን ሁሉ የምትልከው ለእኔ ብቻ አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ለሚኖረው ለታላቅ ወንድሟ ለደምሴም ቪዲዮ ትልክለታለች። ደምሴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ልጅ ሳለች የዓለም ካርታ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ጣቷን እየያዘ አገር ያስነካት የነበረ እሱ ነው። ካርታ ላይ ያሉትን ከተሞች አንድም ሳያይ አርጅቷል። "ያስነካኝን አገር በእግሬ ነካሁለት" አለችኝ።

ደምሴ ያረፈው በዚያው ሰሞን ነው። ወሬው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ ጋሽ ታደለ ስልክ አነሱ።

ጋሽ ታደለን እዚህ አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ድሮ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ያኔም፣ አሁን በከዘራ ሲሄዱም፣ መርዶ ሲመጣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ደንብ አላቸው። መርዶ በጠዋት ነው፣ ሰው ሥራ ሳይገባ። መኪና ከበሩ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ በመስኮት ብዙ መኪና ያየ ሰው ልቡ ቀድሞ ይጠረጥራል። አንድ ሴት ውሃ ይዛ ከሐዘንተኛው ኋላ ትቆማለች። እንባው ቶሎ የሚመጣ ሰው አብሮ አይሄድም። ዘንድሮ ደግሞ ፌስቡክ ላይ "ነፍስ ይማር" የሚለጥፈውን ሁሉ እየደወሉ ማስነሳት ተጨምሯል።

"ሰናይት፣ ትርንጎ እስክትመለስ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ" አሉኝ። "ለቀብር አትደርስ። በባዕድ ደረጃ ላይ ብቻዋን ወድቃ ብትቀር ማን ያነሳታል? ለወንድሟ ከጠየቀችሽ ኔትወርክ የለም በያት።" ለሜላትም እንዲሁ ተነግሯታል።

እሺ አልኳቸው። ክፋት የለባቸውም። ሰውን ከሐዘኑ ጋር ለብቻው ላለመተው ነው ይሄ ሁሉ።

በማግስቱ ሥራ ላይ፣ ለእረፍት እንደተቀመጥኩ እትዬ ትርንጎ በቪዲዮ ደወለች። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል። ስልኩን አዙራ ባሕሩን አሳየችኝ፣ ጀልባዎቹን አሳየችኝ፣ ሻምበልን አሳየችኝ። ከዚያ ስልኩን ወደ ፊቷ መለሰችው።

"ደምሴ የላኩለትን አንዱንም አልከፈተውም። ሜላትን ብጠይቃት ኔትወርክ ትለኛለች። ደብረ ማርቆስ ያለች የአክስቴ ልጅ ግን ትናንት ፎቶ ለጥፋለች። ኔትወርኩ ለእሷ ብቻ ነው የሚሠራው?"

ዓይኔን ከስልኩ ላይ አነሳሁ።

"ሰናይት፣ እኔ አሁንም ቪዲዮ ልልክለት ነው። ልላክለት?"

ለሞተ ሰው ስልክ ባሕር ልትልክ ነው። እሷ ደረጃው ላይ፣ እኔ ከኋላዋ፣ የሚመጣውን እኔ ብቻ ነኝ የማየው። እጄ ላይ ናት። ጋሽ ታደለ ምን ይሉኛል የሚለው ፍርሃት መጣብኝ፣ ግን አፌ ቀደመው።

"እትዬ ትርንጎ፣ ተቀመጪ" አልኳት። "ጉብታ አለ።"

አየችኝ። ስልኩን ሳትዘጋ ቀስ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

"መቼ?" አለች።

ነገርኳት። ቀኑን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች፤ በዚያ ቀን ምን ስታደርግ እንደነበረ እያስታወሰች መሆኑ ገባኝ። ከዚያ "እሺ። እግዜር ይስጥሽ። አሁን ልዝጋው" አለችና ስክሪኑ ጠቆረ። እኔ ያን ቀን እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም። ወድቃ ቀርታ ቢሆንስ እያልኩ መንገደኛ ስገፋ ዋልኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ አጭር መልእክት መጣልኝ፤ "ደህና ነኝ። ብቻዬን አይደለሁም" ይላል።

ምን እንደሆነ የነገረችኝ ከተመለሰች በኋላ፣ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። ስልኩን ስትዘጋ መጀመሪያ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ ሰው እንዳይሰማት። ከዚያ አልቻለችም። እንደ አገሯ፣ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለች፣ ደረቷን እየመታች ጮኸች። ደረጃው ጸጥ አለ። አንዲት አሮጊት አረንጓዴ በሯን ከፍታ አየቻት፣ ተመልሳ ገባች። "በሩን የዘጋችብኝ መሰለኝ" አለችኝ እትዬ ትርንጎ። "ለካ ወንበር ልታመጣ ነው። የወጥ ቤት ወንበሯን፣ አረንጓዴ። ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ከማዶ ያለው ሰውዬ ደግሞ የራሱን ይዞ ወጣ። ዳቦ የምትሸጠው በርጩማዋን አመጣች። ደረጃ ላይ እኮ ወንበር አይቆምም፣ አንድ እግሩ አየር ላይ ነው! ከሥሩ ድንጋይ እየከተቱ፣ እየተደጋገፉ ተቀመጡ። ምን ሆንሽ ያለኝ የለም። ቢሉኝስ በምን ቋንቋ? ዝም ብለው ተቀመጡ። ጋዝ ሻጩ እየቀጠቀጠ ብቅ ሲል አሮጊቷ እጇን አነሳችለት፤ ብረቱን ብብቱ ሥር ከቶ ቀስ ብሎ አለፈ። ለቅሶ ደረሱኝ ሰናይት። ስሙን እንኳ ሳያውቁት።"

እዚያው ሰፈር ቀሪ ቀኖቿን ቆይታ ተመለሰች። ከመሳፈሯ በፊት "አንድ ነገር" ብላ ላከችልኝ። "እንዳልሰማሁ ሆኜ ነው የምገባው። ጋሽ ታደለን በዚህ ዕድሜያቸው አላሳፍራቸውም። አንቺም ዝም በይ።"

በተመለሰች ማግስት፣ ጠዋት፣ መኪኖቻችንን ራቅ አድርገን አቁመን ወደ በሯ ሄድን። ጋሽ ታደለ ከፊት፣ እኔ ውሃ ይዤ ከኋላ። በሩን ራሷ ከፈተች። ሳያት ብርጭቆው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። ጥለቱ ከታች መሆን ሲገባው ወደ ላይ፣ አንገቷ ሥር ዞሯል፤ ሐዘን የገባው ሰው ብቻ እንደሚያደርገው። ለካ ከገባች ጀምሮ ለብቻዋ ክፍሏ ውስጥ ሐዘን ተቀምጣለች፤ በሩ ሲንኳኳ ነጠላዋን ማስተካከል ረስታዋለች። ጋሽ ታደለ ዓይናቸው ደካማ ነው። ተመስገን አላዩም ብዬ ተነፈስኩ። "እንደምን አደርሽ ልጄ፣ እስቲ እንቀመጥ" ብለው ገቡ። ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ትርንጎ፣ ሁላችንም የዚህ ዓለም እንግዶች ነን። ወንድምሽ ደምሴ አርፏል። በርቺ።"

እትዬ ትርንጎ ወደቀች። ሴቶቹ ያዟት። እኔ ውሃውን ይዤ ቆሜ፣ ይሄ ሁሉ ማስመሰል ነው ወይ እያልኩ ተጨነቅሁ። ኋላ ሰው ቀለል ሲል ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት። አልተቆጣችኝም።

"ለምን አስመስላለሁ? እዚያ ያለቀስኩት ለራሴ ነው። እዚህ ደምሴ ብለው ስሙን ጠርተው አለቀሱልኝ። ሁለቱም ያስፈልገኝ ነበር።"

ለሜላት በዚያው ሳምንት ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ እናቷን መዋሸቷ እንቅልፍ ነስቷት ነበር፤ "ልጄ ይህን ተሸክማ አትቀርም" አለች። ለሌላ ሰው ግን አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ትርንጎ ያቺው ሴት ናት፣ ሆኖም አንድ ልማድ አመጣች። ከአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ የእንጨት የወጥ ቤት ወንበር ገዝታ አረንጓዴ ቀባችው። ለቅሶ ስትሄድ፣ አስፐን ሂልም ይሁን ፎልስ ቸርች፣ ወንበሩን መኪናዋ ኋላ ጭና ትሄዳለች። "ኧረ ትርንጎ፣ እድሩ ስንት ወንበር አለው!" ብለው ይስቁባታል። እሷ ወንበሯን ከሐዘንተኛው አጠገብ ታስቀምጥና ዝም ብላ ትቀመጣለች። ብዙ አታጽናናም። "ጊዜ ያስረሳል" አትልም። ዝም ብላ ትቀመጣለች። እኔም አባቴ የሞተ ጊዜ አጠገቤ የነበረችው ያቺ ወንበር ናት። የማንንም የማጽናኛ ቃል አላስታውስም፤ የእንጨቱን ሲጥ ሲጥ ማለት ግን አስታውሳለሁ።

ሜላትንም "ሂጂና እዪው" እያለች ነዘነዘቻት። ልጅቷ ሥራ አለኝ፣ ኋላ እያለች ስታዘገይ ቆይታ ዘንድሮ እሺ አለች። ቦርሳውን ራሷ እትዬ ትርንጎ አዘጋጀችላት። ቆሎ እንዳትጨምር ስንት ጊዜ እንደለመንናት።

እንግዲህ በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ራሴን ያልነቀነቅሁት ለዚህ ነው። "አሟታል እንበላት" የሚለው ሐሳብ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ከእትዬ ትርንጎ ጋር ደብቄው የኖርኩትን ምስጢር ዛሬ እንዴት ብዬ ላውጣው? ማን ይሰማኛል?

ጋሽ ታደለ በከዘራቸው ወለሉን መታ አደረጉ።

"ሰናይት፣ የልጅቷ ስልክ አለሽ?"

"አለኝ ጋሽ ታደለ።"

"እንግዲያው ደውይና ንገሪያት።"

ቤቱ ተንጫጫ። "ጋሽ ታደለ! ብቻዋን እኮ ናት! በሰው አገር!"

"እናትየዋስ ብቻዋን አልነበረችም?" አሉ። "ብቻዋን ሰምታ፣ በእግሯ ቆማ መጥታለች።"

እኔ ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም በዚያ ደካማ ዓይናቸው ወደ እኔ እያዩ ነበር።

"ዓይኔ ቢደክምም ጥለት ከላይ ይሁን ከታች መለየት አያቅተኝም፣ ሰናይት። ያን ጠዋት በሩን ስትከፍትልኝ መርዶው ከእኔ ቀድሞ እንደገባ አወቅሁ። ማን እንዳስገባውም ፊትሽ ላይ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?" አልኩ።

"እሷ ለእኔ ብላ አልሰማሁም አለች፣ እኔም ለእሷ ብዬ አላየሁም አልኩ። መከባበር ነው።" ትንፋሽ ወሰዱ። "እቤቴ ገብቼ ግን ብዙ አሰብኩበት። ስንቱን ሰው፣ ሟቹ ከተቀበረ በኋላ ምንም ሳያውቅ እየሳቀ እስኪመለስ ጠብቄዋለሁ። ለትርንጎ ልጅ እንዲያ አላደርግም። ሂጂ፣ እዚያ ተቀመጪና ደውይ።"

በከዘራቸው ያሳዩኝ አረንጓዴዋን ወንበር ነው። ተቀመጥኩባት። ሲጥ አለች። ደወልኩ።

"አንቲ ሰናይት!" ሜላት ገና ከመጥራቱ አነሳችው። "ጌስ ዌር አይ አም! ደረጃው ላይ ነኝ፣ ዘ ሪል ዋን። አረንጓዴ በር ያላት ሌዲ አለች፣ አይ ቲንክ እሷ ናት! ማሚን ኮል አደርጋለሁ፣ አታነሳም። ሥራ ላይ ናት?"

ከኋላዋ ብረት በብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማኛል። ጋዝ ሻጩ ነው።

"ሜላቴ፣ ተቀምጠሻል?"

"ኖ... ዋይ?"

"ተቀመጪ። መጥፎ ነገር ልነግርሽ ነው።"

ስትቀመጥ የቦርሳዋ ማሰሪያ ሲንኳኳ ሰማሁ። አርፋለች ብላት ላይገባት ይችላል ብዬ ፈራሁ። ጥርት አድርጌ ተናገርኩት።

"ማሚ ዛሬ ጠዋት ሞተች።"

መቀጥቀጡ ብቻ ይሰማል። ከዚያ የታፈነ ትንፋሽ መጣ፤ አፏን በእጇ እንደያዘች አወቅሁ። "ኖ፣ ኖ" ትላለች በጣቶቿ መሐል። ቤቱ ሁሉ እኔን ያያል።

"አንቲ" አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ከውስጧ እንዳይወጣ እየታገለች፤ "ፒፕል አር ሉኪንግ አት ሚ። ሰው እያየኝ ነው።"

"ይዩሽ ልጄ" አልኳት። "አፍሽን ልቀቂው። እንደ እናትሽ ጮክ ብለሽ አልቅሺ። ወንበር ያመጡልሻል።"